ለበር ሠሪ የታዘዘ የድምፅ ሳጥን

የመስኮቴን ፍርግርግ ልወስድ ሄጄ ነው ያገኘኋት። ፍርግርጉ አልደረሰም፤ ባይደርስም አልገረመኝም። የገረመኝ በበያጁ ደጃፍ፣ ዘይትና ዝገት በጠገበው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፣ የቢሮ ልብሷን ለብሳ፣ ጭኗ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ፣ በጋዜጣው ላይ አረንጓዴ የብረት ሳጥን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ የተቀመጠችው ሴት ናት። ሳጥኑ ቢበዛ የዳቦ መጠን አለው። አናቱ ላይ ግን የግቢ በር እጀታ ተበይዶበታል፤ ያ ወፍራሙ፣ ጎረምሳ ተንጠልጥሎ የሚስበው። ከፊት ለፊቱ አንዲት ጥቁር የድምፅ ማስተካከያ መዘውርና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳ ይታያሉ።

እኔ ደግሞ ሰው አጠገብ ተቀምጬ ዝም ማለት አልችልበትም። የገንዘብ ካዝና ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

“የቢሮዬም ዘበኛ ጠዋት ጠዋት እንደዚያ ነው የሚለኝ” አለች። “የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ማጉያ ነው። ማጉያውን ራሴ ሠራሁት። ሳጥኑን ግን…” ብላ አንገቷን ወደ ሱቁ ውስጥ ዘወር አደረገች፤ ጉንፋን ማን እንዳስያዘው እንደሚናገር ሰው፣ “ሳጥኑን እሳቸው ናቸው የሠሩት” አለች።

እሳቸው የተባሉት በያጅ ከውስጥ ግራይንደር ያስጮኻሉ። ሰፈሩ በስማቸው አይጠራቸውም፤ ጋሼ አለቀ ነው የሚላቸው። ሥራዬ ምን ደረሰ ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ ቀና ሳይሉ “አለቀ” ይሉታል። ገና ብረቱ አልተቆረጠም ይሆናል፤ አለቀ። ብረቱ ገና አልተገዛም ይሆናል፤ እሱም አለቀ። የሴትዮዋ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነበር።

በሥራ ቦታዋ እትዬ ጆሮ ይሏታል። ሥራዋ መስማት ነው። ፍርድ ቤት የችሎት ድምፅ ትገለብጣለች፤ ዳኛው የጠየቁትን፣ ጠበቃው የተከራከረውን፣ ምስክሩ የመለሰውን ከቅጂው እየሰማች ቃል በቃል ትተይባለች። ቃል በቃል ሲባል ታዲያ እንደ ወሬ አይደለም። ምስክሩ ካሳለ “አሳለ” ብላ ትጽፋለች፤ ዝም ካለ “ዝም አለ”፤ “እ…” ካለ “እ…”። ያልሰማችው ነገር ሲገጥማት በቅንፍ “አይሰማም” ብላ ታልፋለች እንጂ ከራሷ አንዲት ፊደል አትጨምርም። ሰው በችሎት ያለውን እንጂ ሊል ይችል የነበረውን መጻፍ ለሷ ስርቆት ነው። እትዬ ጆሮ የሚለውም ስም የወጣላት ሌላው ሰው ሰልችቶት የተወውን ሹክሹክታ አውጥታ ስለምታመጣ ነበር፤ ስሙ ያኔ ምስጋና ነበር።

ከዚያ ችሎቱ ታደሰና ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ድሮ ምስክሩ አፍ ሥር ይቆም የነበረው ማይክሮፎን ክፍሉን አጣበበ ተብሎ ተነሣ። በምትኩ ጣሪያው ላይ ነጫጭ እንክብል የሚመስሉ ማይክሮፎኖች ተሰኩ። ያየ ሁሉ አደነቀ። የሚሰማው ግን ገልባጭ እንጂ ተመልካች አይደለም። በአዲሱ ቅጂ የጣሪያው ማራገቢያ ጥርት ብሎ ይገባል። የወንበር መንቋቋት ይገባል። ከረሜላ የሚልጥ ሰው ካለ እሱም ይገባል። ምስክሩ ብቻ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ሌሎቹ ገልባጮች መላ አላጡም፤ ሞሉት። ጥያቄው “አይተሃል ወይ” ከሆነ፣ መልሱም ሁለት ቃል የሚያህል ማጉተምተም ከሆነ፣ “አዎ አይቻለሁ” ነው ሊሆን የሚችለው ብለው ጻፉ። ገጻቸው ንጹሕ ሆነ። የእትዬ ጆሮ ገጽ ግን በ“አይሰማም” ተቦጫጨቀ። አለቃዋ የሁሉንም ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ፤ አየና አዘነላት። ቢሮው ጠርቶ ዕድሜ እንደማያሳፍር፣ የሱም እናት ጆሮ እንደ ቀልድ እንደ ጀመራት፣ ለሰው ሲነግሩት እንደሚቀል መከራት። እሷ በዕድሜ ከሱ ታንሳለች።

ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ሄዳ ጆሮዋን ተመረመረች። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ጆሮ ለሁለት ሰው ይበቃል አላት። የምርመራውን ውጤት ስታመጣለት አለቃዋ አነበበና ጆሮዋ ደህና ከሆነ እንግዲያው ሐሳቧ ነው ሌላ ቦታ ያለው አለ። በወሩ መጨረሻ ግምገማ አለ፤ ያኔም ገጿ እንደዚህ ከሆነ ወደ መዝገብ ቤት ትዛወራለች። መዝገብ ቤት መጥፎ ሰው የለበትም። ግን ምድር ቤት ነው፤ ካርቶንና አቧራ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማ አንድ ነገር የለም። ለሷ ይህ መዛወር አይደለም፤ በቁሟ መቀበር ነው። ከሁሉ የበለጠ ደሟን ያፈላው ግን ያልሰማችውን ነገር ባለመሙላቷ መሄዷ ነው።

እንግዲህ ይቺ ሴት መተየብ ከመጀመሯ በፊት በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ የተማረች ናት። ዲፕሎማዋ ከመሳቢያ ወጥቶ ባያውቅም የብየዳ ብዕሯን አልጣለችም። ችግሩም ገባት። ኮምፒውተሩ ለጆሮ ማዳመጫው የሚሰጠው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ድምፁን እስከ ጥግ ቢከፍቱት ሹክሹክታው ሹክሹክታ እንደሆነ ይቀራል። በመሀል የሚገባ ማጉያ ያስፈልጋል። ከሞተ ቴፕ ትራንስፎርመር ነቀለች፤ የጎደለውን ከዕቃ መሸጫ ለቃቀመች፤ በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ በያይዳ ጨረሰችና የልጇ የድሮ ፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ አስገባችው። ሠራ። ድምፁ ደለበ። ግን ከሥሩ እንደ ታመመ ማቀዝቀዣ “እምምም” የሚል ነገር አብሮ ደለበ።

እሱም አልገረማት። ፕላስቲክ የመብራቱን ሁሉ ጩኸት ያስገባል። ዙሪያውን የተዘጋ የብረት ሳጥን ቢሆንና ሳጥኑ በመሬት ሽቦ ቢያያዝ ጩኸቱ ይቆማል። እንዲያውም የቢሮው የጥገና ሠራተኛ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ካየ በኋላ፣ ይህ ነገር በብረት ሳጥን ካልተከደነና መሬት ካልያዘ በስተቀር በፍርድ ቤት ጠረጴዛ ላይ መብራት አይሰካበትም ብሎ ነቀለው። ስለዚህ የቀረው አንድ ሳጥን ብቻ ነው። አንድ ተራ፣ ባዶ፣ የብረት ሳጥን። ይህን ስትነግረኝ “አንድ” የምትለዋን ቃል እንደ ጎምዛዛ ነገር ነበር የተፋቻት።

ጋሼ አለቀ በር ሠሪ ናቸው። የግቢ በር፣ የሱቅ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ አንዳንዴም ያው አጥር። ሳጥን ስትላቸው መጀመሪያ የጠየቋት ባለ አንድ ተካፋች ይሁን ባለ ሁለት ብለው ነው። ተካፋች አያስፈልገውም፤ በአራት ብሎን የሚታሰር ክዳን ይበቃዋል አለች። መቆለፊያውስ ከውጭ ነው ከውስጥ? ውስጥ የሚገባ ሰው የለም ጋሼ፣ አለች። ምን እንደሚቀመጥበት ሲሰሙ፣ ታዲያ ሌባው በክዳኑ ቢገባስ አሏት።

ልኩን ተናገረች፤ ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመት፣ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚሆኑ። እሳቸው ጠመኔ አንሥተው ሲሚንቶው ወለል ላይ ጻፉት። ወለሉ ማታ እንደሚጠረግ እያየች እንዴት ልቧ ይረፍ? ስልኳን አወጣችና ልቅዳዎት አለቻቸው። የሰው ቃል ካልቀዳች አይሆንላትም። እሳቸውም ምን ገዷቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ ልኩን ደግመው፣ “ሐሙስ ጠዋት ነይ፣ መቶ በመቶ” አሉ።

ሐሙስ ሄደች። አለቀ፤ ግን ላሜራው አልመጣም። ቅዳሜ ሄደች። አለቀ፤ ግን መብራት ጠፍቷል። እያንዳንዱን “አለቀ” በስልኳ ትቀዳለች። በሦስተኛው ሳጥኑ በእውነት ነበር፤ ቆሞ ይጠብቃታል። ጋሼ አለቀ በጨርቅ ወልውለው በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ እሷም በሁለት እጇ ስትቀበል ክብደቱ ወደ ታች ጎተታት። ለግቢ በር የሚሆን ላሜራ ነው የተጠቀሙት። እሺ፣ ክብደቱን ትችለዋለች። ይዛው የመጣችውን ቦርድ ከቦርሳዋ አውጥታ ስታስገባው ግን በጥፍር ውፍረት እምቢ አለ።

ምን ሆነ? ልኩ ትክክል ነው፤ በውጭ በኩል። በር የሚለካው በውጭ ነው፤ በሩ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል እንጂ በሩ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። እሷ ውስጡን ስትል እሳቸው ልማዳቸውን ሰምተዋል። ሜትሮውን አንሥተው ሳጥኑን በውጭ ለክተው አሳዩአት፤ አንድ ሚሊ አልተዛነፈም። ከዚያ ቦርዱን ከእጇ ወሰዱ፣ አገላብጠው አዩት፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና በቅን ልቦና፣ ይቺን ጫፏን በግራይንደር ትንሽ ላንሣላት ወይ አሏት። ቦርዱን እንዴት ነጥቃ ቦርሳዋ እንደከተተችው እስከ ዛሬ አታስታውሰውም።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ቤት ገብታ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ስታወርደው ጠረጴዛው ጮኸ። እሱም ስፌቱን ሳያቋርጥ ታሪኩን ሰማ። ሰምቶ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ጥፋቱ የሷ ነው አለ። ለስፌት የሚሆን ትርፍ ሳይተው ልክ የሚሰጥ ሰው የት አለ? ደግሞም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ማጉያ ይኖራል፣ ከገበያ ይፈለግ ብሎ ስንቴ ነግሯት ነበር። እራት እስኪቀርብ አላናገረችውም። በነጋታው ሳጥኑ ውስጥ የሱ ቁልፎችና ዚፖች ተሞልተው አየች። ለነሱ ልክ ነበር።

ግምገማው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሁለተኛው ሳጥን ታዘዘ። በዚህ ጊዜ እትዬ ጆሮ ልክ አልተናገረችም፤ በካርቶን የቦርዷን አምሳያ ቆርጣ አጣብቃ ሰጠቻቸውና ይህ ሳይታጠፍ ሳይጨመቅ ውስጥ ይግባ አለች። ጋሼ አለቀ ካርቶኑን በክብር ተቀበሉ። የመጀመሪያው ሳጥን ነገር ከንክኗቸዋል። እሳቸው ሥራ ያዘገዩ እንደሆነ እንጂ አበላሽተው አያውቁም፤ ሰውም እንደዚያ ነው የሚያውቃቸው። ስለዚህ ሁለተኛውን ከልባቸው ሠሩት። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ከልባቸው ሠሩት፤ መዘዙም የመጣው ከዚህ ነው።

ግምገማው ሁለት ቀን ሲቀረው ሄዳ ስትቀበል ካርቶኑ ገባ፣ ቦርዱ ገባ፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። እንደ ውሃ የሚያበራ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። እጀታውን አይታ አፏን ልትከፍት ስትል ጋሼ አለቀ ቀደሟት፤ እጀታው ስጦታ ነው፣ ከዚህ ቤት ያለ እጀታ ዕቃ አይወጣም አሉ። ክዳኑን ፈተው ውስጡንም አሳዩአት። ውስጡም ተቀብቷል። ክዳኑ በጀርባው፣ ጠርዙ በየማጠፊያው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ እንኳ በጠባብ ብሩሽ፤ መጀመሪያ የዝገት መከላከያ፣ በላዩ አረንጓዴ፣ በላዩ ደግሞ አረንጓዴ።

“ማንም አያየውም ብዬ አልተውኩትም” አሏት። “የመጀመሪያውን ስላበላሸሁብሽ ነው፤ ለቀለሙ አንድ ነገር እንዳታስቢ።”

እንዲህ የተባለ ሰው ምን ይላል? አመስግና ወጣች። ቀለሙ ምን እንደሚያመጣባት ያኔ ትዝ አላላትም፤ ስለ ልክ ስትጨነቅ ኖራ ልክ ሲሆንላት ሌላ ነገር የሚያይ ዓይን አልቀራትም። ይህን ስትነግረኝ በራሷም ተናደደች፤ ዲፕሎማዋን አምጥተው ቢቀድዱባት እንደማትቃወም ነገረችኝ።

ቤቷ ወስዳ ሁሉን በብሎን በብሎኑ አሰረችው። የመሬት ሽቦውን በሮንዴላና በዳዶ ጠበቅ አደረገችው። ሰካችው። የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች። “እምምም።” እንደውም ምሳ ዕቃው ከዚህ ይሻል ነበር። ጣቷን መዘውሩ ላይ ስታደርግ ጩኸቱ ዝቅ ይላል፤ ስታነሣ ይመለሳል። ቴስተር አምጥታ የመሬት ሽቦውንና ሳጥኑን ስትለካ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ገባት። ብረት ለብረት የተነካካ መስሏት በብሎን ያጠበቀችው ሁሉ ቀለም ለቀለም ነው የተነካካው። ሽቦው የታሰረው ቀለም ላይ ነው፤ ክዳኑ የተከደነው ቀለም ላይ ነው። ሳጥኑ ብረት መሆኑን የሚያውቀው የሚሸከመው ሰው ብቻ ነው፤ ለኤሌክትሪኩ ያው ምሳ ዕቃ ነው። ባሏ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሲል ፊቷን አየና መልሶ አጎነበሰ።

በነጋታው፣ ግምገማው ሊደርስ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ የምሳ ሰዓቷን ይዛ ወደ ጋሼ አለቀ ሮጠች። ራሷ እንዳትፍቀው ያ ቀለም በቢላዋ የሚሆን አይደለም፤ በትናንትናው ምሽት ሞክራ የጠፋው የቢላዋው ስለት ነው። ቀለሙን በዚህና በዚህ ቦታ ፋቁልኝ ስትላቸው ጋሼ አለቀ የያዙትን ብረት አስቀመጡ። ብረት ሲቀቡ ጢም ያበቀሉ ሰው ናቸው፤ ቀለም ቀቡልኝ ብሎ የለመናቸው እንጂ ፋቁልኝ ያለ ሰው አይተው አያውቁም። ራቁቱን የቀረ ብረት ምን እንደሚሆን ታውቃለች? ዝገት አንዴ ከገባ ቤተኛ ነው። እሷ ስለ መሬት ሽቦ አስረዳች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ኤሌክትሪክ በቀለም አያልፍም አለች፤ እንዲያውም ጥሩ፣ ሰው አይነዝርም አሉ። ድምፅዋ ከፍ አለ፤ የሳቸውም ከፍ አለ። በር ሊያሠሩ የመጡ ባልና ሚስት ነገሩን ላለመስማት ወደ ውጭ ወጡ።

መጨረሻ ላይ ነገሩ ሁሉ እጅ እጅ አላትና መናገሩን ተወችው። ሳጥኑን የመበየጃ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰካችው፣ ስልኳን አያያዘች፣ የሳቸውን ቆብ አንሥታ የጆሮ ማዳመጫውን በገዛ እጇ አጠለቀችላቸው። የችሎት ድምፅ ለውጭ ሰው አይሰማም፤ ሕግ ነው። ስልኳ ውስጥ ያለው የሰው ድምፅ የሳቸው ብቻ ነበር። እሱን ከፈተችላቸው።

ጋሼ አለቀ ሰሙ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

“ይሄ ማነው?”

“እርስዎ ነዎት።”

“ሐሙስ ጠዋት ይላል” አሉ፤ ሰው ስለ ሌላ ሰው እንደሚታዘብ። “የቱ ሐሙስ ነበር?” ጥቂት እንደሰሙ ደግሞ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። “ይሄ እምምም የሚለውስ፣ እሱም እኔ ነኝ?”

“እሱ ቀለምዎ ነው።”

የጆሮ ማዳመጫውን ከራሳቸው ሳያወልቁ ነቅለሽ ስጪኝ አሏት። ሶኬቱን ነቀለችው። የሽቦው ብሎን የሚቀመጥበትን፣ የክዳኑን ጠርዝና የአራቱን ቀዳዳዎች አፍ ጠቆመቻቸው። እሳቸው ግራይንደሩን አልተጠቀሙም፤ ብርጭቆ ወረቀት ቆርጠው፣ በጣታቸው ጠቅልለው፣ ቁስል እንደሚያጥብ ሰው በቀስታ ፈቀፈቁት። ብረቱ ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል ፊታቸውን አዞሩ። መልሳ አሰረች፣ ሰካች፣ ከመጀመሪያው አስጀመረችላቸው።

“እምምም” የለም። የቀረው ሱቁ ነው፤ ያኔ የነበረው ሱቅ። ሜትሮ ተስቦ ሲመለስ ይሰማል፣ ጠመኔ ሲሚንቶ ላይ ሲሄድ ይሰማል፣ የሳቸው ጉሮሮ ሲጠረግ፣ ልኩ፣ ሐሙስ፣ መቶ በመቶ። አንድ ጊዜ አልበቃቸውም፤ ስልኩ ውስጥ ያለውን የቅዳሜውንም፣ ከዚያ በኋላ ያለውንም “አለቀ” ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲያወልቁ ጆሯቸው ቀልቷል።

“ብዙ እዋሻለሁ እንዴ የኔ ልጅ?”

“እኔ የምጽፈው የተባለውን ብቻ ነው ጋሼ።”

ሳጥኑን አንሥታ በር ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ተከተሏትና፣ የተፋቀው ቦታ ላይ ቀጭን፣ በጣም ቀጭን ቀለም ቢያስነኩትስ ምን ይላል ብለው ለመኗት። ሮጠች።

የግምገማው ጠዋት የጥገናው ሠራተኛ ሳጥኑን በቴስተሩ ነካካ፣ መሬት መያዙን አየ፣ እጀታውን ደግሞ ግራ በመጋባት አየና ይሰካ አለ። አለቃዋ ለሁሉም ገልባጮች አንድ ቅጂ ሰጠ። የአጥር ክርክር ነው፤ አንድ ጎረቤት የሌላውን ድንበር ገፍቶ ግንብ ሠርቷል ተብሎ ተከሷል። ዳኛው ምስክሩን ግንቡ ሲሠራ አይተሃል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። የጣሪያው ማራገቢያ ይሽከረከራል። ሰውዬው ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር ያጉተመትማል።

ገጾቹ ሲሰበሰቡ የሌሎቹ ገልባጮች ሁሉ ገጽ “አዎ፣ ሲሠሩ አይቻለሁ” ይላል። የእትዬ ጆሮ ገጽ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ “እ… አላየሁም። የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ እንጂ… (ዝም አለ) አላየሁም።” በገጹ ላይ “አይሰማም” የሚል አንድም ቦታ የለም።

አለቃዋ ሞልተሽዋል አላት። እሷን። ሞልተሽዋል። ይህን ቃል ስትነግረኝ እዚያው አግዳሚው ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ንዴት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ያን ጠዋት ግን ከወንበሯ ተነሣችና ቦታዋን ለቀቀችለት። እሱም ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ማዳመጫውን አጠለቀ፣ ሰማ። ወደ ኋላ መልሶ ሰማ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሌሎቹ ገልባጮች ሥራ የሚበዛባቸው መሰሉ። አውልቆ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ ሳጥኑን ሲያይ ቆየ። ይቅርታ የሚለው ቃል ሲመጣ በዓይኗ አየችው፤ እስከ ጉሮሮው ደርሶ ነበር።

“እጀታው ለምንድን ነው?” አለ።

መዝገብ ቤት ቀረ። ምስጋናውም በቢሮ ወግ መጣ፦ ከዕድሳቱ ወዲህ ሌሎቹ የገለበጡት ሁሉ እንደገና ይሰማ ተባለ፤ የምትሰማውም መሣሪያው ያላት እሷ ናት። ጠረጴዛዋ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ በመዝገብ ክምር ተሸፍኖ ከእይታ ጠፋ። ከላዩ ደግሞ አለቃዋ ለክፍሉ ገልባጮች ሁሉ እንዲህ ያለ ሳጥን ይሠራ፣ ሠሪውን የምታውቀው እሷ ስለሆነች እሷ ታስፈጽም አለ። ይህን ሲል እዚያው ፊቱ ላይ ሳቀች ይላሉ ሌሎቹ ገልባጮች። እሷ አልሳቅሁም ነው የምትለው፤ ትንፋሽ ነው የወጣኝ።

ዛሬ የመጣችው እጀታውን ልታስቆርጥ ነበር። ዘበኛው በእጀታው የተነሣ ካዝና እየመሰለው ስትገባም ስትወጣም ያስከፍታታል፤ ማታ ማታ ወደ ቤት ይዛው ትሄዳለች፣ ያለዚያ ሌሎቹ ሳያስፈቅዱ ይሰኩታል። ከተቀመጠች ቆይታለች። ከውስጥ አንድ ጊዜ “አለቀ” የሚል ድምፅ መጥቶ ነበር፤ ሳጥኑ ግን እንደ ታቀፈችው ጭኗ ላይ ነው። ሁለታችንም ሳጥኑን አየነው፣ ተያየን።

እኔም ስለ ፍርግርጌ ከነገ ወዲያ ተብዬ ተነሣሁ። ስሰናበታት፣ ታዲያ የሌሎቹን ሳጥኖች ልታሠሪ ነው ወይ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

“አለቃዬን ራስህ ሄደህ እዘዝ አልኩት፤ ሰኞ ይመጣል” አለች። ከዚያ ሳጥኑን ወደ ሌላው ጭኗ አዛወረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “የዚያን ቀን እዚህ ከሆንክ ወንድሜ፣ ግድግዳ የሚደገፍበትን የአግዳሚውን ጥግ ልቀቅለት፤ ወገቡን በጣም ነው የሚያመው።”